ሰልስት ላይ የመጣ እልልታ

የእድሩ ጡሩምባ ከመነፋቱ በፊት መምህርት ሐመልማል ዳቦ ቤት በር ላይ ተሰልፋ የነጠላዋ ጥለት ስለ ንብ ያቀረበላትን ጥያቄ እየመለሰች ነበር። አውራዋ ንብ ስትሞት ሠራተኞቹ ምን ያደርጋሉ ይላል ጥያቄው። በትክክል መለሰችና ከፊቷ የነበሩትን ሁለት ሰዎች አልፋ ቆመች። የታለፉት አልተቀየሟትም፤ ነገ እነሱ ያልፏታል። ደሴ ውስጥ ዳቦ ያለ ጥያቄ መሸጥ ከቀረ ብዙ ዓመት ሆኖታል። በልጅነታቸው ያለ ጥያቄ የገዙትን ዳቦ የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች አሁንም አሉ። የዚያን ጊዜው ይጣፍጥ ነበር ይላሉ፤ ሽማግሌ መቼም የድሮ ነገር ሁሉ ይጣፍጠዋል።

ከኋላዋ የቆሙት አንድ አባት የመጨረሻዋን መልስ በትክክል ሰጥተው ኖሮ ኮሌታቸው ላይ የንብ ማነብ ባጅ ፈካ፤ ከባጁም እልልታው ተከተለ። አጭር፣ ጥርት ያለ የሴት እልልታ ነው፤ በአገሩ ሁሉ አንድ ዓይነት። ሰልፈኛው ዞር እንኳ ሳይል በአንድ አፍ «እሰይ፣ እንኳን ደስ አለዎት!» አለ። ታክሲ ውስጥም ይሁን ገበያ ወይም ሐኪም ቤት ወረፋ ላይ፣ እልልታ ከተሰማ የሰው አፍ ራሱን ችሎ ይህን ይመልሳል። ሕፃናት «እማ» ማለት እንደለመዱ የሚለምዱት እሱን ነው። ሽማግሌው በዕድሜያቸው ንብ ቀርበው አያውቁም፤ ቢሆንም ደስ ብሏቸው ኮሌታቸውን ዳሰሱት።

ጡሩምባው የተነፋው በዚህ መሀል ነው። በከተማው በሰው ትንፋሽ የሚነገር ወሬ እሱ ብቻ ቀርቷል፤ ሞት በጥለት ላይ አይነገርም ብሎ እድርተኛው ድርቅ ስላለ። ነፊው ጡሩምባውን ከአፉ አውርዶ የሟችን ስም ጠራ። እማማ ሶልያና፣ የኤልዳና እናት፣ ማረፋቸውን ተናገረ።

እዚህ ላይ የሐመልማልን የመጀመሪያ ሐሳብ መሸፋፈን ይቻል ነበር፤ እሷም ስትሸፋፍነው ኖራለች። ነገር ግን ታሪኩ የሚነሳው ከዚያ ነው። «ተመስገን» አለች በሆዷ፤ «ሳምንቱ ሳያልቅ።»

እማማ ሶልያና ራሳቸው ትዝ ያሏት ከዚያ በኋላ ነው። በልጅነቷ እናቷ ሥራ ውላ ስለምትመጣ ምሳዋን የምትበላው እሳቸው ቤት ነበር፣ ከኤልዳና ጋር ከአንድ ሳህን። ፀጉሯን ሲሠሯት ጭንቅላቷን በጉልበታቸው መሀል ጥብቅ አድርገው «አትወዛወዢ፣ አንቺ ልጅ» ይሏት ነበር። ይህ ሁሉ መጣባትና ዓይኗ እንባ አቀረረ። ግን ሁለተኛ ሆኖ ነው የመጣው። እጇ የነጠላዋን ጥለት ሲዳብስ ደረሰችበት፤ ዳቦውን ሳትገዛ ከሰልፉ ወጣች።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሐመልማል ትምህርት ቤት ቁጥሩንም ፊደሉንም ለልጆቹ የሚያስተምራቸው ጠረጴዛቸው ነው። ሰው የሆነ መምህር ክፍል ውስጥ የሚቆመው ጠረጴዛው ለማይችለው ነገር ብቻ ነው፤ ልጅ ሲያለቅስ፣ ልጅ ሲጣላ፣ ልጅ ተስፋ ሲቆርጥ። ለዚህም መምህሩ ሦስት የልብ ባጆች ሊኖሩት ይገባል ተባለ፤ የማበረታታት፣ የማስታረቅና የማጽናናት። ሐመልማል ሁለቱ አሏት። የማጽናናቱንም ትምህርት ጨርሳ ጥያቄዎቹን ሁሉ መልሳለች፤ የቀራት ተግባሩ ነው። ተግባሩ ደግሞ እውነተኛ ሐዘንተኛ ይፈልጋል። ከቀብር እስከ ሰልስት አብሮ መቀመጥ ያስፈልጋል፤ ጥለቱ እየሰማ ማጽናናት ያስፈልጋል፤ በመጨረሻም ሐዘንተኛው በገዛ አፉ ቀለለኝ ማለት አለበት።

ባልደረቦቿ ይህንን ከጨረሱት ቆይተዋል። ድንኳን ባዩበት ይገባሉ፤ የማያውቁትን ሟች የአባታቸው ያህል ያለቅሱለታል። አንደኛው መምህር ሰው ታሟል ሲባል ሰምቶ ኩታበር ድረስ ሄዶ፣ በሽተኛው ድኖ ስለጠበቀው ተናዶ ተመልሷል ይባላል። ሐመልማል በመምህራን ክፍል ጮክ ብላ፣ «በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ይሏል ይሄ ነው። እኔ ለባጅ ብዬ ሰው ቤት አላለቅስም» ብላ ነበር። ያኔ ጊዜው ገና ነበር። ጊዜ ሲኖር ሁሉም ሰው ጨዋ ነው።

ርእሰ መምህሩ ደምሰው በዕድሜ ልጇ የሚሆን ወጣት ነው። በዚያ ዘመን የአሮጊቶቹ ስም ሶልያና፣ ማርሲላስ፣ ኤማንዳ ሆኖ፣ የወጣቶቹ ደግሞ ደምሰው፣ አስካለ፣ ይመኙሻል ነው፤ ስምም ዞሮ ይመጣል። ደምሰው ቢሮው አስጠርቷት፣ እሷን ላለማየት መስኮቱን እያየ፣ ሳምንቱ ሲያልቅ ልጆቹ ለሌላ መምህር እንደሚሰጡና እሷ ወደ ዕቃ ክፍል እንደምትዛወር ነገራት። እርስዎን ማጽናናት የሚያስተምር ሰው የለም፣ ግን ጥለትዎ ላይ ከሌለ እኔ ምን አቅም አለኝ አላት። ክፋት አልነበረበትም፤ ክፋት ቢኖርበት ይቀላት ነበር።

ሐመልማል አልወለደችም። ጠዋት ክፍሏ በር ላይ ቆማ የእያንዳንዱን ልጅ ኮሌታ ታቃናለች። ማን ቁርሱን ሳይበላ እንደመጣ፣ የማን እናትና አባት ሲጣሉ እንዳደሩ ፊታቸውን አይታ ታውቃለች። ይህ በየትኛውም ባጅ ውስጥ አይቆጠርም። ልጆቹም ይህን ያውቁታል። በተለይ ይመኙሻል የምትባል አንዲት ቀጭን ልጅ አለች፤ ምንም ነገር ስትታዘዝ ዓይኗን አፍጥጣ «መምህር፣ ይቆጠራል?» ብላ ትጠይቃለች። የወደቀ ጓደኛሽን አንሺው ሲሏት እንኳ ትጠይቃለች። ሐመልማል ሁልጊዜ ትቆጣትና ሁልጊዜ ትስቅባታለች። የዕቃ ክፍሉን ባሰበች ቁጥር ደግሞ መጀመሪያ ፊቷ ላይ ድቅን የምትለው ይህችው ልጅ ናት።

እንግዲህ ለቅሶው ይህን ይዞ ነው የመጣው።

ድንኳኑ በር ላይ የእድሩ ዳኛ ጋሽ ኪሩቤል ጥቁር ጨርቅ የሞላበት ቅርጫት ይዘው ተቀምጠዋል። ለቀስተኛው ሁሉ ከዚያ አንድ አንድ ጨርቅ እያነሳ ጥለቱን ወይም ኮሌታውን ይሸፍናል። ደንቡ የወጣው በለቅሶ መሀል ጥለታቸው ሲጠይቃቸው ሙሾውን አቋርጠው ስለ ማዕድን ዓይነቶች የሚመልሱ ሰዎች ስለተገኙ ነው። የተሸፈነ ጥለት አይናገርም፤ አይሰማምም። ሐመልማል ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ጥለቱን ወደ አንገቷ አድርጋ ነበር የመጣችው። ሽማግሌው ጨርቁን ሲዘረጉላት አልተቀበለችም።

«ጋሽ ኪሩቤል» አለች፤ «ድሮ ሐዘንተኛ ጥለቱን ወደ አንገቱ ነበር የሚያደርገው። ጥቁር ጨርቅ ኋላ የመጣ ነው። እኔ ለእማማ ሶልያና በድሮው ወግ ላልቅስ።»

የተናገረችው ሁሉ እውነት ነበር፤ ለዚህም ነው ያልተያዘችው። ጋሽ ኪሩቤል ዓይናቸው እንባ ሞላ። ጨርቁን ወደ ቅርጫቱ መልሰው ከኋላዋ ለነበሩት ሰዎች፣ ያሳደጉት ልጅ ማለት እንዲህ ነው፣ አይታችሁ ተማሩ አሏቸው። በማግስቱ ሌሎች ሴቶችም ነጠላቸውን እንደሷ አዘቅዝቀው መጡ፤ እነሱ ግን ጥቁሩን ጨርቅ ከላይ ጣል አድርገውበት ነበር።

ኤልዳና ስታያት ተነስታ አንገቷ ላይ ወደቀች። ሁለቱም አለቀሱ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ የሐመልማልም እንባ አልገደም። ነገር ግን ጥለት ሲሰማ ጥቂት ይሞቃል። ጉሮሮዋ ሥር ሙቀቱ ተሰማት፤ እያለቀሰች፣ ጉንጯን የጓደኛዋ ጉንጭ ላይ አጣብቃ፣ «እየሰማ ነው» ብላ አሰበች። ልቧ ዕፎይ አለ። ወዲያው ደግሞ ዕፎይ ማለቱ አሳፈራትና ለቅሶዋን ጨመረችበት። ከዚያ በኋላ የትኛው እንባ ለማን እንደሆነ መለየት ተሳናት።

በሁለተኛው ቀን ሐመልማል የቤቱ ልጅ ሆና ዋለች። ንፍሮ አቀረበች፣ ወንበር አስተካከለች፣ ከሩቅ የመጡትን አሳረፈች። በመሀል በመሀል እየተመለሰች ኤልዳና አጠገብ ትቀመጣለች። ኤልዳና ግን ከመጀመሪያው ቀን በኋላ ደርቃ ቀረች። አታለቅስም፣ አትናገርም፤ ሰው እግዜር ያጥናሽ ሲላት ራሷን ነቅነቅ አድርጋ ዝም ትላለች። ኮሌታዋ በጥቁር ጨርቅ ተጠቅልሏል፤ ከጨርቁ ሥር ግን እሳቷ እንዳለ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። እሳት የሚሉት አንድ ቀን ሳያስታጉሉ የተማሩ ሰዎች ኮሌታ ላይ የምትበራውን ትንሽ ነበልባል ነው፤ አንድ ቀን ያመለጠው ይጠፋበታል። ኤልዳና በሠርጓ ቀን እንኳ መኪና ውስጥ ሆና ጥያቄዋን መልሳ እሳቷን ያቆየች ሴት ናት። ሠርገኛው ስቆባት ነበር፤ ግን አድንቋታል።

ጓደኛዋ በዝምታ ስትጠነክር ሐመልማል መጨነቅ ጀመረች። መጨነቋ ለኤልዳና ነው ብላ ራሷን አሳመነች፤ ግማሹ እውነት ነበር። ትምህርቱ፣ ቃሉን በሐዘንተኛው አፍ ውስጥ አታስቀምጡ ይላል። ሐመልማል ይህን ስታጠና ትክክል ብላ መልሳዋለች። ቢሆንም በሁለተኛው ቀን ማምሻ ላይ ኤልዳናን ትከሻዋን እያሻሸች «ተናገሪው እንጂ፣ ሲናገሩት እኮ ይቀላል» አለቻት። ከጥቂት ቆይታ በኋላ ደገመችው። ለራሷ ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰላት፤ ገበያ ላይ ደንበኛ የምታባብል ነጋዴ።

ሰልስት ዋለ። ከሰዓት በኋላ ከጦሳ ተራራ ላይ ጉም ወርዶ ድንኳኑን ሸፈነው፤ ሰው ሁሉ ጋቢውን ሰብስቦ ተጠጋግቶ ተቀመጠ። ድንኳኑ ሊፈርስ ትንሽ ቀርቶት ነበር። ያን ጊዜ ኤልዳና የሐመልማልን እጅ ይዛ ወደ ራሷ ሳበቻትና አፏን ጆሮዋ ላይ አስጠግታ መናገር ጀመረች።

«ውሃ ለመነችኝ» አለች። «ያን ቀን እሳቴን ገና አላቆየሁም ነበር። አንዲት ጥያቄ ናት የቀረችኝ። ቆይ እማዬ፣ ልጨርስና አልኳት። ጨርሼ ውሃውን ይዤ ስገባ ሄዳለች። ሐመልማል፣ ጥያቄው ስለ ምን እንደነበር እንኳ አላስታውሰውም።»

 ሐመልማልን የጥለቱ ሙቀት ጉሮሮዋ ሥር እንደ እሳት ፈጃት። የሰዉን ወሬና የጉሙን ቅዝቃዜ ረሳች፤ የምታየው የኤልዳናን እጅ ብቻ ነበር፤ ጥፍሯ መዳፏ ውስጥ ገብቷል። ቃሉ ከየት እንደመጣ ሳታውቀው ከአፏ ወጣ።

«የፈለጉት ውሃውን አይደለም፤ ድምፅሽን ነው» አለቻት። «ቆይ እማዬ ስትያቸው ሰምተውሻል። ልጄ አለች ብለው ነው የሄዱት።»

ኤልዳና ቀና ብላ አየቻት። ከዚያ ሁለት ቀን ሙሉ የደረቀው ፊቷ ተፈታ፤ እንባዋ መጣ። እንደ ልጅ ጭንቅላቷን የሐመልማል ትከሻ ላይ ጣለች። ለረጅም ጊዜ አለቀሰች፤ ትንፋሿም ቀስ በቀስ ረጋ። «ቀለለኝ» አለች። «እውነትም ቀለለኝ።»

እልልታው ወጣ።

የማበረታታትና የማስታረቅ ባጆቿ የመጡላት በማግስቱ፣ ቤቷ ውስጥ ብቻዋን ሳለች ነበር። ይሄኛውም እንደዚያ ይመጣል ብላ ነበር። አሁን ግን ያ ጥርት ያለ የሴት እልልታ ከገዛ አንገቷ ሥር ተነስቶ ድንኳኑን ሞላው። አዲሱ ባጅ ጥለቱ ላይ ፈክቶ አገጯንና ፊቷን ከታች ወደ ላይ አበራው። ይህስ ይሁን። ከዚህ የባሰው ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ጋቢያቸውን ተከናንበው የተቀመጡት ለቀስተኞች፣ የሟች ዘመዶች፣ ንፍሮ የያዙት ሴቶች፣ በር ላይ ያሉት ጋሽ ኪሩቤል፣ ሁሉም በአንድ አፍ «እሰይ፣ እንኳን ደስ አለሽ!» አሉ። ኤልዳናም ጭንቅላቷን ከትከሻዋ ሳታነሳ፣ እንባዋ ሳይደርቅ፣ አብራ አለች።

 አፋቸው ምን እንዳለ ጆሯቸው የሰማው ከቆየ በኋላ ነው። አንዲት ሴት አፏን በእጇ ያዘች። ኤልዳና ቀስ ብላ ቀና አለችና መጀመሪያ ብርሃኑን፣ ቀጥላ የሐመልማልን ፊት አየች። አልተቆጣችም። አንድ ሰው የማያውቀውን ፊደል ሊያነብ ሲሞክር እንደሚያደርገው ዓይኗን ጠበብ አድርጋ ተመለከተቻት እንጂ።

ሐመልማል መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። ጋሽ ኪሩቤል ከወንበራቸው ተነስተው በሰዉ መሀል እያነከሱ መጡ። ከቅርጫታቸው አንድ ጥቁር ጨርቅ ይዘዋል። አንገቷ ላይ አስረውላት፣ የታመመ ልጅ እንደሚያለብሱ ጫፉን አስተካክለውላት ተመለሱ። ቢሰድቧት ኖሮ የምትመልሰው ነገር ታገኝ ነበር። ጫማዋን ሳታስር ወጣች፤ ማንም ወዴት አላላትም።

ሰኞ ጠዋት በሰልፍ ላይ ደምሰው ሐመልማልን ከልጆቹ ፊት አቆማት። ደስታው እውነተኛ ነበር፤ እጇን በሁለት እጁ ጨበጣት። የዕቃ ክፍሉ ነገር ተረሳ። ልጆቹ አጨበጨቡ። በትምህርት ቤቱ ልማድ የልብ ባጅ ያገኘ መምህር እንዴት እንዳገኘው ለክፍሉ ይነግራል፤ ሌሎችን ያነቃቃል ተብሎ ነው። ሐመልማል ክፍል ገብታ ልትዘለው ሞከረች፤ ጠረጴዛዎቹ ግን ጊዜውን ይዘውላት ነበር። ልጆቹ ሁሉ ፊታቸውን ወደሷ አዙረው ጠበቁ።

እናቷ የሞተችባትን ሴት እንዳጽናናች ነገረቻቸው። ስም አልጠራችም፣ ድንኳንም አላነሳችም። ምን ብለው ነው ያጽናኗት አላት አንዱ። ከዚያ ሁሉ ነገር ውስጥ ሐመልማል ሳታፍር ልታነሳው የምትችለው አንድ ነገር ቢኖር ያ ቃል ነበር፤ ባለፉት ቀናት ራሷን ስትረግም ውላ ማታ ላይ የምትይዘው እሱን ነው። ባጁ የጥለቱ ነው፣ ቃሉ ግን የልቤ ነው ትላለች። ስለዚህ ነገረቻቸው። የፈለጉት ውሃውን አይደለም፤ ድምፅሽን ነው አልኳት አለች።

ይመኙሻል እጇን አወጣች። «አውቀዋለሁ» አለች። «እህቴ መምህር ለመሆን ስታጠና ሰምቼዋለሁ። የማጽናናቱ ትምህርት ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ነው። የፈለጉት ነገሩን አይደለም፤ ድምፅህን ነው ይላል።» ትንሽ አሰበችና ጨመረች፤ «መምህር፣ ከዚያ የወሰዱት ይቆጠራል?»

ሐመልማል ይቆጠራል አለቻት። ሌላ ምን ትላለች። ቤቷ ስትገባ ነጠላዋን ሳታወልቅ ትምህርቱን ከፈተችው። ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ነበር፤ ለስላሳ የሴት ድምፅ፣ ያችው ዓረፍተ ነገር፣ አባቱ ምግብ ለምነውት ሳይደርስ ስለቀረ ሰው። ሐመልማል ያን ጊዜ በትክክል መልሳዋለች፤ ምልክቱ አሁንም አለ። ደጋግማ ሰማችው። በድንኳኑ ውስጥ ከአንጀቷ የወጣ የመሰላት ከአንገቷ በላይ እንኳ አልነበረም፤ ከአንገቷ ውጪ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በኤልዳና ደጅ ማለፍ ትታ በታችኛው መንገድ መሄድ ጀመረች። ሰፈሩ አልነቀፋትም። ዳቦ ሰልፍ ላይ እንደ ድሮው ሰላም ይሏታል፤ አንዳንዶቹም እንኳን ክፍልሽ ተረፈልሽ ይላሉ፣ ከልባቸው። ሁሉም በየቤቱ የራሱ የሆነ፣ የማይወራ እልልታ ሳይኖረው አይቀርም። ይህ ግን ለሐመልማል አላቀለላትም። አንድ ቀን ኤልዳና በጎረቤት ልካ፣ እስቲ ብቅ በይ አለቻት።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሄደች። ከሳጥኗ ሥር ጥለት የሌለው ነጭ ነጠላ አውጥታ ለበሰች። መንገዱን ሁሉ የምትለውን ስትለማመድ ነበር። ጥለቱን ሆን ብዬ ነው ሳልሸፍነው የቀረሁት ትላለች። ቀለለኝ እንድትዪ ገፋፍቼሻለሁ ትላለች። ያልኩሽም ቃል የኔ አልነበረም ትላለች፤ ይህንን ሳታስቀር ሁሉንም ተናግራ፣ ኤልዳና ከፈለገች ታባርራት። መናገሩን ስታስበው ገና ከአሁኑ ቀለል ይላት ነበር።

ኤልዳና ግቢ ውስጥ የእናቷን ልብስ ለነዳያን ለመስጠት ታጣጥፋለች። ፍራሹ ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል። ሐመልማል አጠገቧ ተቀምጣ አንድ ሁለት ቀሚስ አጣጠፉ። የኤልዳና ኮሌታ ላይ እሳቱ አልነበረም፤ ከሠርጓ በፊት ጀምሮ ያቆየችው እሳት ጠፍቶ ቦታው ጠቁሯል። ሐመልማል አይታው ሌላ ቀሚስ አነሳች።

«ስለ ባጁ አልጠይቅሽም» አለች ኤልዳና፣ ዓይኗን ከልብሱ ሳታነሳ። «ክፍልሽን ሊወስዱብሽ እንደነበር ኋላ ሰማሁ። እኔም ብሆን ማን ያውቃል። አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ።»

ሐመልማል ያነሳችውን ቀሚስ ጭኗ ላይ አጠፈችው።

«ድምፅሽን ነው የፈለጉት ያልሽኝ ነገር። እሱን ይዤ ነው የምተኛው። ብንን ስል ለራሴ የምለው እሱን ነው። ያንቺ ነው ወይስ የትምህርቱ? ገብቼ ማየት እችል ነበር፤ አላየሁም። አንቺን ልጠይቅ ብዬ።»

ሐመልማል የተለማመደችው ሁሉ አፏ ላይ ነበር። ብትናገረው ለሷ ይቀላታል፤ ይህ ታውቋታል። ኤልዳና ግን ዛሬ ማታ ምን ይዛ ትተኛለች? የተጣጠፈውን ቀሚስ ጭኗ ላይ አስተካከለች። እማማ ሶልያና ፀጉሯን ሲሠሯት ይለብሱት የነበረው መሰላት፤ እርግጠኛ ግን አይደለችም።

«የኔ ነው» አለች።

ኤልዳና ቀና ብላ ለረጅም ጊዜ አየቻት። አምናት ይሁን ወይም ለማመን ወስና ይሁን ከፊቷ ማወቅ አይቻልም። ከዚያ እጇን ዘርግታ የሐመልማልን ጉልበት ያዘች።

«እንግዲያ ቀለለኝ» አለች።

ግቢው ፀጥ አለ። ከአጥሩ ውጭ ሰው ያልፋል፤ የተሰጣው ፍራሽ ላይ ወፍ ዐረፈች። ሐመልማል አንገቷን ደፋች፤ እጇ ምንም የሌለበትን ነጭ ነጠላ ይዳብስ ነበር። ጆሮዋ እልልታውን ሲጠብቅ ያዘችው።